የከተማ ዕድገት ወዴት ይመራ፣ ወጪውንስ ማን ይሸፍን? ለመካከለኛ ከተሞች የቀረበ የንጽጽር መመሪያ

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ወቅት ባሕር ዳር 155 ሺህ፣ ሐዋሳ 157 ሺህ፣ መቀሌ 216 ሺህ፣ አዳማ 220 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ሆኖም ከእነዚህ ከተሞች በአንዱ የኖረ ሰው የእርሻ ማሳ የነበረው ስፍራ ሰፈር፣ ሰፈር የነበረው ደግሞ ገበያ ሲሆን በዓይኑ አይቷል። በዓመት 5 በመቶ የሚያድግ ከተማ በ14 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዛሬ በሰባት ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላው አሁን ካለው ከተማ ጋር የሚተካከል ሌላ ከተማ አጠገቡ በቅሎ ያገኛል። ያ ሁለተኛው ከተማ የት እንደሚሠራ የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ የፕላን ጽሕፈት ቤቱ ነው፤ በምን ገንዘብ እንደሚሠራ የሚወስነው ደግሞ የገንዘብና የገቢዎች ጽሕፈት ቤቱ ነው። ሁለቱ ውሳኔዎች በተለያየ ፎቅ፣ በተለያየ ወር ይወሰናሉ።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ሁለቱ ውሳኔዎች አንድ መሆናቸውን ለማሳየት ነው። ከተማ ገንዘቡን የሚያገኝበት መንገድ የሚያድግበትን አቅጣጫ ይወስናል፤ መሬት በጨረታ እየሸጠ የሚኖር ከተማና ከነዋሪው ንብረት ላይ በየዓመቱ ግብር የሚሰበስብ ከተማ በሃያ ዓመት ውስጥ የተለያየ መልክ ይይዛሉ። የማነጋግረው በከተማ ምክር ቤት በጀት የሚያጸድቁትን ተመራጮች፣ የማዘጋጃ ቤት ባለሙያዎችንና ለመንገድና ለቦይ መዋጮ የሚጠየቁትን ነዋሪዎች ነው።

ምንም አለመወሰንም አማራጭ ነው

ንጽጽር ሲደረግ ሁልጊዜ የሚረሳው አማራጭ ሳይወስኑ መቀመጥ ነው። ሌሎቹ አማራጮች ሁሉ የሚወዳደሩት ከእርሱ ጋር ስለሆነ ከእርሱ መጀመር ይገባል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ከተማ ዳርቻ ከቀያሾች ጋር አንድ ቀን ውያለሁ። በጤፍ ማሳ መሃል ወደፊት ለሚሠራ ዋና መንገድ የብረት ችካል ሲተከል ባለማሳው አጠገባችን ቆሞ፣ «ይህ መንገድ የሚመጣው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። በጀት ስላልተያዘለት የመለሰለት ሰው አልነበረም። ወደ ስፍራው በተመለስኩ ጊዜ ችካሉን ያገኘሁት በአንድ የቆርቆሮ ቤት ጓሮ ውስጥ ሲሆን የልብስ ማስጫ ገመድ ታስሮበት ነበር። ገበሬው መሬቱን በቁራጭ እየከፈለ በመንደር ውል ሸጦታል። እኔ በገበሬው አልፈርድም። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም በሚለቀቅበት ጊዜ የሚከፈለው የልማት ተነሺ ካሳ የሚሰላው ከሰብል ገቢው ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት ለዘለቄታው የሚነሳ ባለይዞታ የሚያገኘው ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ነው። በፊት በነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ይባዛ ስለነበር ሕጉ ተሻሽሏል፤ ቢሆንም መንደር ውስጥ ለቤት መሥሪያ የሚሸጥ ቁራጭ መሬት ከዚህ ብዙ እጥፍ ያወጣል። ገበሬው የከተማውን ችካል ያየው እንደ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ስለዚህ ቀድሞ ሸጠ።

የጨረቃ ቤት ሰፈሮች የሚወለዱት በዚህ መንገድ ነው። ቤቱን የሠራው ሰው መጠለያ አግኝቷል፤ ሰፈሩ ያላገኘው መንገድ ነው። ሻጭና ገዢ ሲዋዋሉ ለመተላለፊያ የሚተዉት አህያና ጋሪ የሚያሳልፍ ሦስት ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ለራሳቸው ለሁለቱ ከዚያ በላይ አያስፈልጋቸውምና። ከዓመታት በኋላ ውሃ የሚያመላልስ ቦቴ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚመጥ መኪና፣ አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና ከዋናው መንገድ ወዲህ አይገቡም። ያን ጊዜ ማዘጋጃ ቤቱ ወሰን ለማስከበር ሲነሳ የሚያፈርሰው የቆርቆሮ አጥርን ብቻ አይሆንም፤ ግንብ ቤት፣ ሱቅ፣ አንዳንዴም የተመረቀ ሕንፃ ይሆናል። ለካሳና ለምትክ ቦታ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ መንገዱን ከሚያነጥፈው ገንዘብ ጋር ይወዳደራል። የተባበረ ሰፈር፣ እድሩና እቁቡ የተተከለበት ስፍራ ሲበተን የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ በየትኛውም የካሳ ቀመር ውስጥ አይገባም።

አንደኛው ውሳኔ፦ ከተማው ወዴት ይደግ?

ለአብዛኞቹ መካከለኛ ከተሞቻችን በጠርዝ መስፋትን፣ ግን መንገዱን ቀድሞ ይዞ መስፋትን እመርጣለሁ። ምርጫዬን በስሌት ላስረዳ።

አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር የሆነ መሬት 100 ሄክታር ነው። በየአንድ ኪሎ ሜትሩ 30 ሜትር ስፋት ያለው ዋና መንገድ በቁመትም በአግድምም እንዲያልፍ ቢደረግ፣ ለእያንዳንዱ 100 ሄክታር የሚደርሰው የመንገድ መሬት 6 ሄክታር ያህል ብቻ ነው። ለምሳሌ አንድ ሄክታር በጥሩ ዓመት 120 ሺህ ብር የሰብል ገቢ ያስገኛል እንበል። በ15 ሲባዛ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ይሆናል፤ ለስድስቱ ሄክታር 10 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ማለት ነው። በሄክታር 100 ሰው ቢሰፍር በዚያ መሬት 10 ሺህ ሰው ይኖራል። ስለዚህ ለሚመጣው ነዋሪ ሁሉ የዋና መንገድ ቦታ ዛሬ መያዝ ለአንድ ሰው ከ1,100 ብር በታች ያስወጣል። ይህ ገንዘብ ሲከፈል አስፋልት፣ ጠጠርም ሆነ ቦይ የለም፤ ያለው ከመንገዱ ክልል ውስጥ ማንም ቤት እንዳይሠራ የሚያደርግ የተከፈለበት መብት ብቻ ነው። የቀረው 94 ሄክታር ገበሬው እያረሰው ይቆያል፤ መሬቱ ወደ ከተማ በሚገባበት ጊዜም በየትኛው በኩል ምን እንደሚያልፍ አስቀድሞ ያውቃል።

ይህ ሐሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና መቀሌ ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር በመሆን ለሠላሳ ዓመት የሚበቃ የማስፋፊያ መሬትና የዋና መንገድ መረብ አቅደው ነበር። ከዚያም በፊት የሚጠቀስ አለ። በባሕር ዳር ዘንባባ በተተከለባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች ላይ የሄደ ሰው የሚራመደው በ1950ዎቹ ከተማዋ ትንሽ በነበረችበት ጊዜ በተተወ ስፋት ላይ ነው። በድሬዳዋ የባቡር ኩባንያው የቀየሰው የከዚራ ሰፈር ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም መኪና፣ ባጃጅና እግረኛ ያስተናግዳል። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው የመጋላ ሰፈር ደግሞ የንግዱ ሕይወት የሚሞቅበት ነው፤ ነገር ግን ጠባብ መንገዶቹን ማስፋት የሚፈልግ አስተዳደር የሚያጋጥመውን ወጪ ማንም ሊገምት ይችላል።

ደቻቱ ሌላ ነገርም ያስታውሰናል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የወረደው ጎርፍ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ደረቅ የሚመስል የወንዝ መስመር ከመንገድ ባልተናነሰ ጥንቃቄ ቀድሞ መያዝ አለበት። በማስፋፊያ ፕላን ላይ የመንገድ ችካል ብቻ ተመልክቶ የጎርፍ መሄጃው ለሽንሻኖ ከተተወ፣ ያ ፕላን መጽደቅ የለበትም ባይ ነኝ።

መሃል ከተማን መልሶ ማልማት ሁለተኛው አማራጭ ነው። ውሃው፣ መብራቱና መንገዱ ያለበትን ስፍራ አጠናክሮ መጠቀም ከሩቅ መስመር ከመዘርጋት ይረክሳል የሚለው ክርክር እውነትነት አለው፤ የእርሻ መሬትም ያተርፋል። ችግሩ በመሃል ከተሞቻችን ያሉት የቀበሌ ቤቶች በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ከተወረሱ ወዲህ የአነስተኛ ገቢ ነዋሪው ዋና መጠለያ መሆናቸው ነው። ሰፈሩ ሲነሳ ተከራዩ የሚያጣው ቤቱን ብቻ ሳይሆን ጉልት የሚቸረችርበትን፣ በእግሩ ሄዶ የቀን ሥራ የሚያገኝበትን ቦታ ነው። ስለዚህ ይህን አማራጭ የምደግፈው ነዋሪው እዚያው ሰፈር ውስጥ ወይም በእግር በሚደረስበት ርቀት መልሶ የሚሰፍርበት ቦታ ከመፍረሱ በፊት ተሠርቶ ካለቀ ብቻ ነው። ይህን ቅድመ ሁኔታ አሟልቶ የሚጀምር ከተማ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ቀስ ማለቱ ጉድለት አይደለም።

ሦስተኛው ራቅ ያለ አዲስ ሰፈር መመሥረት ነው። በአዲስ አበባ እንደ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮየ ፈጬ ያሉ የጋራ መኖሪያ ቤት ሰፈሮች ብዙ ሺህ ቤተሰብ የቤት ባለቤት አድርገዋል፤ ይህን ማሳነስ ተገቢ አይሆንም። ነገር ግን በእንዲህ ዓይነት ሰፈር ቁልፍ የተረከበ ሰው ውሃና መብራት እስኪገባለት ጠብቋል፤ ከዚያም በኋላ ለታክሲና ለአውቶቡስ ሰልፍ ገና ሳይነጋ ይወጣል። መስመሩ ረዝሞ ባዶ ሜዳ አቋርጦ በሄደ ቁጥር ለአንድ ቤት የሚደርሰው የቧንቧና የመንገድ ወጪ ይጨምራል። ከ200 እስከ 300 ሺህ ሕዝብ ላለው ከተማ ይህ አማራጭ የሚሆነው አንድ ትልቅ የሥራ ቦታ፣ ለምሳሌ የኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም ዩኒቨርሲቲ፣ ቀድሞ እዚያ ካለ ነው።

ሁለተኛው ውሳኔ፦ ማን ይክፈል?

የገንዘብ ምንጮችን ከማነጻጸር በፊት አንድ መለኪያ መያዝ ይጠቅማል፦ የገንዘቡ ዕድሜና የሥራው ዕድሜ ይመጣጠኑ። ሃምሳ ዓመት የሚያገለግል የውሃ ማስተላለፊያ መስመር በአንድ ዓመት የነዋሪ መዋጮ ሲሠራ የዛሬው ትውልድ ለነገው ይከፍላል። በየዓመቱ የሚከፈል ደመወዝና የመንገድ ጥገና ደግሞ አንዴ ተሽጦ በሚያልቅ ነገር ሲሸፈን የነገው ትውልድ ለዛሬው ይከፍላል። ሁለተኛው ስህተት በከተሞቻችን በጣም የተለመደ በመሆኑ ሊዝን በዝርዝር ልመልከት።

የከተማ መሬት ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን ደንግጓል። አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሬት በጨረታ ወይም በምደባ በሊዝ እንዲተላለፍ፣ ለመኖሪያ ቤት ዘመኑ 99 ዓመት እንዲሆን፣ ቅድመ ክፍያውም ከጠቅላላው ዋጋ ከ10 በመቶ እንዳያንስ ደንግጓል። ሊዝ ለከተማ ትልቅ ጥቅም አለው። የመሬት ዋጋ የሚጨምረው ሕዝብና መንግሥት ባደረጉት ነገር ስለሆነ ከዚያ ጭማሪ ለሕዝብ ሥራ መውሰድ ፍትሐዊ ነው፤ ገንዘቡም በቶሎ ይገባል።

የሚያሰጋኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ቦታ ለ99 ዓመት አንዴ ከተላለፈ በኋላ ከተማው ከዚያ ቦታ የሚያገኘው ትልቅ ገንዘብ አበቃ፤ ለዓመታዊ ወጪው ሌላ ቦታ መሸጥ አለበት። የሊዝ ገቢን ለደመወዝና ለነዳጅ የሚያውል ከተማ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ፈጭቶ እንደሚበላ ገበሬ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ዋጋው ከፍ እንዲል ለጨረታ የሚወጣው ቦታ ጥቂት እንዲሆን የሚገፋ ፍላጎት መፈጠሩ ነው። ቦታ ሲያንስ የሊዝ ዋጋ ይወጣል፤ ዋጋው ሲወጣ መምህሩ፣ ነርሷና ግንበኛው ከጨረታው ይወጣሉ፤ ከጨረታ የወጣ ሰው ወደ መንደር ውል ይሄዳል። ማዘጋጃ ቤቱ በጨረታ ያተረፈውን ገንዘብ ከአሥር ዓመት በኋላ በጨረቃ ቤት ሰፈር ውስጥ ወሰን ለማስከበር መልሶ ይከፍለዋል። ስለዚህ ምክር ቤቶች የሊዝ ገቢን በተለየ ሒሳብ አስቀምጠው ለዘላቂ ግንባታ፣ በመጀመሪያም ለማስፋፊያ መሬት ካሳና ለዋና መንገድ ብቻ እንዲውል ቢያስገድዱ እመክራለሁ።

ከሊዝ ጋር ሊነጻጸር የሚገባው ዋናው ምንጭ የንብረት ግብር ነው። የጣሪያና ግድግዳ ግብር እየተባለ የሚታወቀው ክፍያ የመጣው በአዋጅ ቁጥር 80/1968 ሲሆን በብዙ ከተሞች የቤቱ ግምት ለአሥርት ዓመታት ሳይታደስ ቆይቷል። አንድ የማውቃቸው አባወራ ደረሰኛቸውን አሳይተውኝ ነበር፤ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ባለቤት ሆነው በዓመት ለማዘጋጃ ቤቱ የከፈሉት ገንዘብ ለሰፈሩ የሌሊት ዘብ በአንድ ወር ከሚያዋጡት ያነሰ ነበር። «ለዘቡ ስከፍል ሌሊት ፊሽካውን እሰማለሁ» አሉኝ። ከዚህ አነጋገር ብዙ መማር ይቻላል፤ ሰው የሚከፍልበትን አገልግሎት ሲያይ ይከፍላል።

በጥር 2017 ዓ.ም. የወጣው የንብረት ግብር አዋጅ ቁጥር 1365/2017 በመሬት የመጠቀም መብትና በሕንፃ ላይ ግብር ለመጣል የሕግ መሠረት ሰጥቷል። የዚህ ግብር ዋና ብልጫ በየዓመቱ የሚመለስ መሆኑ ነው፤ ከተማው ባደገ ቁጥር ግብሩም ያድጋል፤ ባዶ አጥሮ ያስቀመጠ ባለይዞታም ይከፍላል። ድካሙ ደግሞ መዝገብ ነው። ካዳስተር (የይዞታ ካርታና መዝገብ) ያልተጠናቀቀለት፣ ፋይሉ በአቧራ የተሸፈነ፣ በአንድ ቦታ ሁለት ካርታ የተሰጠበት ከተማ በገበያ ዋጋ ግምት ልሥራ ቢል ለክርክር ካልሆነ በቀር አይጠቅምም።

የሴራሊዮኗ ፍሪታውን ያደረገችው ለእኛ ቅርብ ነው። እስከ 2020 እ.ኤ.አ. የነበረው ሥርዓት በቤቱ ስፋት ላይ ተመሥርቶ ስለነበር ቪላውና ደሳሳው ጎጆ ተቀራራቢ ግብር ይከፍሉ ነበር። ከንቲባ ኢቮን አኪ ሳውየር የመሩት አስተዳደር የእያንዳንዱን ቤት የገበያ ዋጋ ልፈልግ አላለም። ስፋቱን ከሳተላይት ምስል ለካ፤ ከዚያም ከውጭ በሚታዩ ነገሮች፣ ማለትም በጣሪያው፣ በግድግዳው፣ በሚያደርሰው መንገድ ነጥብ ሰጠ። የተመዘገቡት ቤቶች ከ57 ሺህ ገደማ ከ120 ሺህ በላይ ሆኑ። ማንም ባለቤት መንገድ ላይ ቆሞ ነጥቡ ትክክል መሆኑንና አለመሆኑን ሊያረጋግጥ ይችላል፤ ለእምነት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማዕከላዊ መንግሥት ሥራውን ለጊዜው አስቁሞት እንደነበርም መዘንጋት አይገባም፤ የከተማ ገቢ ማሻሻያ ያለ በላይ አካል ስምምነት አይዘልቅም።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በውድ ስፍራ ያረጀ ቤት ይዘው በጡረታ የሚኖሩ እናቶችና አባቶች ሀብታቸው በግድግዳው ውስጥ ነው፤ በእጃቸው ገንዘብ የለም። ግብሩ ቤቱ ሲሸጥ ወይም በውርስ ሲተላለፍ እንዲከፈል የሚያስተላልፍ ድንጋጌ ከሌለ ይህ ግብር ከቤታቸው ያስወጣቸዋል፤ ያን ጊዜ ግብሩን የምደግፍበት ምክንያት አይኖረኝም።

የነዋሪ መዋጮ በሰፈር ውስጥ መንገድ ላይ ውጤቱ ታይቷል። የኮብልስቶን ንጣፍ በብዙ ከተሞች ነዋሪው ከፊሉን አዋጥቶ፣ ወጣቶች ድንጋይ ጠርበውና አንጥፈው የተሠራ ነው፤ አስፋልት ከሚጠይቀው የውጭ ምንዛሪ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ብልሃት ነው። ወሰኑ ግን ግልጽ ነው፤ መዋጮ የሚሰበሰበው መክፈል በሚችል ሰፈር ስለሆነ የደኸየው ሰፈር ጭቃ ውስጥ ይቀራል፤ ለዋና መስመር፣ ለግድብ፣ ለፍሳሽ ማጣሪያ ደግሞ ማንም አያዋጣም። ጥገናም የለውም። የውሃ ቧንቧ ለመጠገን የተነሳ ኮብልስቶን ዳር ተከምሮ ክረምት ሲያልፍበት፣ ያዋጡት ሰዎች በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ እጃቸውን አያወጡም። በመዋጮ የሚሠራ ሥራ ሁሉ የጥገናው ኃላፊ ማን እንደሆነ ገንዘቡ ከመሰብሰቡ በፊት በጽሑፍ መወሰን አለበት።

ከመዋጮ ጋር የሚቀራረብ፣ ግን በሕግ የሚመራ ዘዴ ኮሎምቢያ ውስጥ ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ አዲስ መንገድ የቦታቸውን ዋጋ ከፍ ያደረገላቸው ባለንብረቶች ከጭማሪው ላይ ድርሻ ይከፍላሉ፤ ቦጎታ ብዙ ጎዳናዎቿን በዚህ ሠርታለች። የመዝገብ አቅማቸው ለጠነከረ ከተሞች የሚታሰብ ነው፤ ለሌሎቹ ከንብረት ግብር በኋላ ይምጣ።

የድጋፍ ገንዘብን በተመለከተ፣ በዓለም ባንክ ድጋፍ በ2006 ዓ.ም. 44 ከተሞችን፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ 117 ከተሞችን ያቀፉት ፕሮግራሞች ገንዘቡን ከአፈጻጸም ምዘና ጋር በማያያዛቸው መልካም ልማድ ተክለዋል። ፕሮግራም ያልቃል፤ ስለዚህ ከዚህ ምንጭ የሚሠራ መንገድ ሁሉ የጥገና በጀቱ ከከተማው የራሱ ገቢ እንደሚመጣ አስቀድሞ መታየት አለበት። ከከተማ አቅም በላይ የሆነ ሥራ ደግሞ በፌዴራል መንግሥት መሠራቱ ተገቢ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው የዓባይ ድልድይ የአገር መንገድም ስለሆነ ከከተማዋ ኪስ መጠበቅ አይቻልም ነበር።

ብድር፦ ለማን፣ በምን ገንዘብ?

ረጅም ዕድሜ ላለው ሥራ ብድር በመሠረቱ ትክክለኛ ምንጭ ነው፤ የሚጠቀመው ትውልድ እየተጠቀመ ይከፍላልና። አደጋው ከሚከፈልበት የገንዘብ ዓይነት ይጀምራል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የፈጀ ሲሆን 85 በመቶው ከቻይና ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ተሳፋሪው የሚከፍለው በብር ነው፤ ዕዳውና መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ በዚያው ልክ በዶላር የተያዘ ዕዳ ሁሉ በብር ሲሰላ እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። በብር ብቻ የሚሰበስብ አገልግሎት በውጭ ገንዘብ ዕዳ መሠራት የለበትም የሚለው ከዚህ የምወስደው ትምህርት ነው።

ክልሎችም ከውጭ አይበደሩም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ከአገር ውስጥ ምንጭ የሚበደሩበትን ሁኔታ የፌዴራሉ መንግሥት በሕግ እንዲወስን አድርጓል። ስለዚህ ከተሞች የሚያስቡት የአገር ውስጥ ብድር ነው። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ የተካሄደው አስተዳደሩ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቦንድ፣ ማለትም የብድር ሰነድ፣ እየሸጠ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ሲጀምር ደግሞ የከተማ ቦንድ ጉዳይ ለወደፊት የሚታሰብ ሆኗል። የደቡብ አፍሪካዋ ጆሃንስበርግ በ2004 እ.ኤ.አ. የ1 ቢሊዮን ራንድ ቦንድ መሸጥ የቻለችው መደበኛ የንብረት ግብርና የአገልግሎት ገቢ ስለነበራት ነው። የሴኔጋሏ ዳካር ግን በ2015 እ.ኤ.አ. ለመንገድ ላይ ነጋዴዎች ገበያ ለመሥራት 20 ቢሊዮን ሴፋ ፍራንክ ልትበደር ዝግጅቷን ሁሉ ጨርሳ ሳለ ማዕከላዊ መንግሥት በመጨረሻው ሰዓት አስቆማት። ለአበዳሪ የሚታይ ዓመታዊ ገቢና የበላይ አካል በጽሑፍ የሰጠው ፈቃድ ሳይኖር ቦንድ ማዘጋጀት ድካም ብቻ ነው።

እንደ ከተማው ሁኔታ መምረጥ

ከ100 ሺህ በታች ነዋሪ ያለው፣ ዙሪያው ገና እርሻ የሆነ ከተማ ገንዘቡን ከምንም በፊት ለመንገድና ለጎርፍ መሄጃ ክልል ካሳ ያውል። ውስብስብ ግብርና ብድር ለጊዜው ይቆየው፤ ቤቶችን በቀላል ነጥብ መመዝገብ ግን አሁን ይጀምር።

ከ200 ሺህ አልፎ ዳርቻው በጨረቃ ቤት የተከበበ ከተማ ሁለት ሥራ አለበት። ከተያዘው ሰፈር ባሻገር ያለውን ክልል መያዝና በተያዘው ሰፈር ውስጥ ጥቂት መስመሮችን መርጦ ማስፋት። ሁሉንም መንገድ አሰፋለሁ ያለ ማዘጋጃ ቤት አንዱንም አያሰፋም፤ አምቡላንስና ቦቴ ከማንኛውም ቤት 200 ሜትር ያህል ቀርበው እንዲቆሙ የሚያደርጉ መስመሮች ከተመረጡ የሚነካው ቤት ብዛት በእጅጉ ይቀንሳል። የእነዚህ መስመሮች ወጪ ከሊዝ ልዩ ሒሳብ ይሸፈን፤ ጥገናቸው ከንብረት ግብር።

መሬቱን ጨርሶ ከጎረቤት ወረዳ ጋር የሚዋሰን ከተማ ደግሞ ማስፋፊያውን ብቻውን ማቀድ አይችልም። የአዲስ አበባና ዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን በሕዝብ ተቃውሞ ምክንያት በጥር 2008 ዓ.ም. መሰረዙ የሚያሳየው፣ የገበሬውና የአጎራባች አስተዳደሩ ድርሻ በፕላኑ ውስጥ በግልጽ ካልታየ የቴክኒኩ ጥራት እንደማያድነው ነው። የካሳው ስሌት፣ ገበሬው በማስፋፊያው ውስጥ የሚያገኘው የቤት መሥሪያ ቦታና ከሊዝ ገቢው ለአጎራባቹ የሚደርሰው ድርሻ ከችካሉ በፊት ይፈረም።

በጀት የሚያጸድቅ የምክር ቤት አባል በሚቀጥለው ጉባኤ ላይ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ቢያቀርብ መልሶቹ ከተማው የቱን መንገድ እንደያዘ ይነግሩታል። ካለፈው ዓመት የሊዝ ገቢ ስንት ብር ለደመወዝና ለሥራ ማስኬጃ ዋለ? በማስፋፊያ ክልል ካሉት ዋና መንገዶች ካሳ የተከፈለበት ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ከተተከሉት ችካሎች ዛሬ በቦታቸው ያሉት ስንት ናቸው፣ በመጨረሻ የተቆጠሩትስ መቼ ነው?